አሥራ አንድ አልልም

ሚዛን ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ የነበረው ኢንተርኔት ቤት ግድግዳ ላይ በቀይ ማርከር የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር፤ «ጌም መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። የተለጠፈው እኔ እዚያ ቤት መግባት ከመጀመሬ በፊት ነው። ቢሆንም ባለቤቱ እኔ በገባሁ ቁጥር በጣቱ ያሳየኝ ስለነበር ለእኔ ብቻ የተጻፈ ያህል ሆኖ ቀረ።

«ይሄ ጌም ነው» አለኝ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆሞ።

«ጌም አይደለም፤ ጥያቄ ነው።»

«ጥያቄ ከሆነ መልሱን ጻፊና ተነሺ። ሰው ቆሟል።»

«መልሱን ባውቀውማ እዚህ ምን ያስቀምጠኛል?»

«እሱን ነው እኔም የምጠይቅሽ።»

ባለቤቱ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከስልጤ መጥተው ሚዛን የከረሙ ነጋዴዎች ናቸው። አራት ኮምፒውተር ነበረው፤ አንደኛው በጥፊ ካልተመታ አይነሳም። ኔትወርክ በመጣ ቀን ወረፋው እስከ በረንዳው ይደርሳል፤ ውጤት የሚያይ፣ የዲቪ ፎርም የሚሞላ፣ ፎቶ የሚያስልክ። እኔ መተየብ ለማይችሉት ማመልከቻ እተይባለሁ፤ በምላሹ ወንበር ባዶ ሲሆን ወንበሩ የእኔ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው አይመጣም። ሚዛን ደግሞ ዝናብ አያጣም። ስለዚህ ወንበር አላጣሁም።

በአሥረኛ ክፍል ፈተና የጣለኝ ሒሳብ ነው። ከሚዛን ጎን ባለችው አማን ከታላቅ ወንድሜ ጋር እኖር ነበር፤ እሱ የእርሻ ቢሮ ሠራተኛ ነው። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። ከሬዲዮ የሰማሁትን ስንኝ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ስድስት ፊደል፣ ትንፋሽ፣ ደግሞ ስድስት ፊደል። አንዱ ከጎደለ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። የሒሳብ አስተማሪያችን ግን «አንቺና ቁጥር አልተፈጣጠራችሁም» ብሎኝ ነበር፤ ያውም መልሱን አግኝቼው፣ እሱ ባስተማረን መንገድ ስላልሄድኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን እያንዳንዷን ቃል ስንት ፊደል እንደሆነች እየቆጠርኩ ነበር።

እንቆቅልሾቹን ያገኘኋቸው በሌላ ሰው ስንፍና ነው። አንድ የካምፓስ ተማሪ የከፈተውን ገጽ ሳይዘጋ ሄደ። ገጹ ላይ ስድስት የክብሪት እንጨት ተስሏል፤ በነዚህ ስድስት እንጨቶች እኩል የሆኑ አራት ሦስት ማዕዘኖች ሥሪ ይላል። እንግሊዝኛዬ አጭር ነው፤ ሥዕሉ ግን አይጠይቅም። ከባለቤቱ ክብሪት ተበድሬ ጠረጴዛው ላይ ስደረድር ዋልኩ። ሁለት ይወጣል። ሦስት አይወጣም፣ አራት የማይታሰብ ነው። መጨረሻ ላይ ተናድጄ በረንዳው ላይ ወጣሁና ሦስቱን እንጨቶች ጭቃው ላይ በሦስት ማዕዘን አስተኛኋቸው። የቀሩትን ሦስት ከየማዕዘኑ ጭቃው ውስጥ ተክዬ ጫፋቸውን አገናኘሁ። ቆመ። አንድ ከታች፣ ሦስት በዙሪያው፤ አራት።

ባለቤቱ በሩ ላይ ተደግፎ አየኝ። «ጎጆ ሠራሽ?»

«አራት ሦስት ማዕዘን ነው።»

«ክዳን የለውም። ዝናብ ያስገባል።»

ጠረጴዛ ላይ እንዲሠራ ማን አዘዘኝ? ጥያቄው አላለም። እኔው ራሴ ነኝ ጠረጴዛውን የጨመርኩበት። ከዚያ ቀን በኋላ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንን ሆነ፤ ጥያቄው ያለውን ከእኔ ጭማሪ መለየት።

ድረ ገጹ መሰላል ነበር። አንዱን ካልመለስሽ ቀጣዩ አይከፈትም። መልሱን በአንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ትጽፊያለሽ፤ ትክክል ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ ትሆናለች። እላይ ጫፍ የደረሰ ሰው የራሱን እንቆቅልሽ በገዛ ስሙ እንዲለጥፍ ይፈቀድለታል፤ ዓለም ሁሉ ያየዋል። እኔ ደግሞ የምለጥፈው ነበረኝ። ቡና ስንለቅም ሰፌዱ ላይ ፍሬዎቹን ስደረድር ያገኘሁት ነው፤ ሰባት ፍሬ ቡና፣ ስድስት ቀጥ ያለ መስመር፣ በየመስመሩ ሦስት ሦስት ፍሬ። ሰው ሰባትን ለሦስት ሲያካፍል ሁለት መስመር ይወጣዋል፣ አንድ ፍሬ ይተርፈዋል። ስድስት ነው ስለው ሌባ ይለኛል። ለዚህ ስድብ ስል ነበር መሰላሉን የምወጣው።

ወንድሜ ክፉ ሰው አልነበረም። የቢሮ ሰው ነው፤ ነገር ሁሉ ቀነ ገደብ እንዲኖረው ይፈልጋል። ቴፒ የምትኖረው አክስታችን ሱቋ ውስጥ የሚያግዛት ሰው ትፈልግ ነበርና አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ነገሩን ቆረጠው።

«እዚያ ነገር ላይ ስምሽን ካሳየሽኝ ሚዛን ትቀሪያለሽ። የግል ትምህርትም አስመዘግብሻለሁ።»

«ካላሳየሁህስ ጋሼ?»

«ዓመቱ ሲያልቅ ቴፒ።»

ሚዛን ለእኔ መናኸሪያው ብቻ አልነበረችም። ቤተ መጻሕፍት የምትባል አንዲት ክፍል ነበረች፤ ግጥሜን የሚሰሙ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ያቺ በጥፊ የምትነሳ ኮምፒውተር ነበረች። ቴፒ ስሄድ ደግሞ ሒሳብ የጣላት ልጅ ሆኜ ነው የምሄደው። ስለዚህ መሰላሉን ወጣሁ። ክረምቱን በሙሉ ወጣሁ። ስለ ተኩላና ፍየል እና ጎመን፣ እሳት ሲለኮስባቸው እኩል ስለማይነድዱ ሁለት ገመዶች፣ አንደኛው ሁልጊዜ ስለሚዋሽ ሁለት በረኞች። መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ፣ ጃንጥላ እግሬ ሥር። ጫፉ ላይ ለመድረስ አንድ እርከን ሲቀረኝ ይህ ጥያቄ መጣ፤

ከዓመቱ ወራት ሠላሳ ቀን ያላቸው ስንት ናቸው?

ሳቅኩ። ለፈተና ማብቂያ እንደሚሰጥ ከረሜላ መሰለኝ። አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ቀይ።

ጣቴ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። አሥራ ሁለት። ቀይ። ከመስከረም ጀምሬ በቃል ቆጠርኩ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ እያልኩ ነሐሴ ደረስኩ። ሁሉም ሠላሳ ሠላሳ ነው። ጳጉሜ ብቻ ናት አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት። አሥራ ሁለት። ቀይ።

ከጎኔ የተቀመጠ አንድ የካምፓስ ተማሪ አንገቱን አስግጎ አየና ፈገግ አለ። «አሥራ አንድ ነው። የነሱ አቆጣጠር ነዋ። ፌብሩዋሪ ብቻ ነው ሠላሳ የማይሞላው።»

«ሠላሳ አንድ የሆኑትስ?»

«ሠላሳ አንድ ቀን ያለው ወር ሠላሳ ቀንም አለው። ተንኮሉ እሱ ላይ ነው።»

«ያለ ተንኮሉስ?»

«ያለ ተንኮሉ አራት። አንቺ ግን አሥራ አንድ በይና እለፊ።»

«የነሱ አቆጣጠር የሚል የት ተጽፏል?»

«ምን ይጻፍ? ይታወቃል።»

ባለቤቱ ከደንበኛ ጋር እያወራ ጆሮው እኛ ጋ ነበር። «በኔ ስድስት ነው» አለ።

«እንዴት ስድስት?»

«በጨረቃ ነዋ። አንዱ ሠላሳ፣ አንዱ ሃያ ዘጠኝ። አንዳንድ ዓመት ሰባት ይሆናል። አባቴ ይሙት፣ ማንም ሰው በዚህ ተከራክሮኝ አያውቅም።»

እንግዲህ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር፣ አራት ትክክለኛ መልስ ተቀምጦ ነበር። ሳጥኗ የምትቀበለው አንዱን ብቻ ነው።

አሥራ አንድ መጻፍ ከባድ አልነበረም። አንድ ቁጥርን ሁለት ጊዜ መጫን ነው። ግን ጣቴ እንቢ አለ። ተኩላውንና ፍየሉን ያሻገርኩት ጥያቄው በሰጠኝ ጀልባ ነው። ውሸታሙን በረኛ የለየሁት እሱ በነገረኝ ሕግ ነው። እስከዚያ ድረስ ያላለኝን ነገር አንድ ቀን አልጠየቀኝም። አሁን ግን ያላለውን እንዳውቅለት ፈለገ። በተጨማሪም የማውቀውን እንድረሳለት።

መዝገበ ቃላቴን ይዤ ለድረ ገጹ ባለቤቶች ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። የሀገሬ ዓመት አሥራ ሦስት ወር እንዳለው፣ አሥራ ሁለቱ ሠላሳ ቀን እንዳላቸው፣ ጥያቄው የማንን ዓመት እንደሚጠይቅ ስላልተናገረ መልሴ ትክክል መሆኑን። ሰዋስዉ ሳይሰበር አልቀረም፤ ሐሳቡ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። መልሱ ሳይዘገይ መጣ። ስለጻፍሽ እናመሰግናለን፤ ጥያቄው የተለመደውን አቆጣጠር ይመለከታል፤ ትክክለኛው መልስ አሥራ አንድ ነው።

የተለመደው። ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ ደግሜ ፈለግኩት፤ ሌላ ትርጉም ቢኖረው ብዬ። የለውም። ለማን እንደተለመደ ጠይቄ ሌላ ጻፍኩ። ለዚህኛው መልስ አልመጣም።

ልጆች ሳለን አማን ግቢያችን ውስጥ እንቆቅልሽ ስንጫወት፣ ያላወቀ ሰው ሀገር ይሰጣል። «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፤ እሱም ከተማ ይሰጣል፤ ጠያቂው ያንን ከተማ በቃሉ ይገባበትና ያማረውን ለራሱ፣ የከፋውን ለሰጪው ያከፋፍላል፣ ከዚያ በኋላ ነው መልሱን የሚናገረው። አዲስ አበባን እንሰጥ ነበር፤ አላየናትማ። ጅማን እንሰጣለን፣ ማሻን እንሰጣለን። ቴፒን እኔ ያልሰጠሁለት ልጅ የለም። የቤንች ልጆች ብልጦች ነበሩ፤ እኛ ሰምተናቸው የማናውቃቸውን ቀበሌዎች ነበር የሚሰጡን፤ ስንገባባቸው ምን እንደምንል ይጠፋናል። ሚዛንን ግን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ሌላ ሀገር ሲያልቅብኝ እንኳ ዝም እላለሁ። ዝም ያለ ደግሞ ይኮረኮማል። ተኮርኩሜያለሁ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወንድሜ ራሱ ኢንተርኔት ቤቱ መጣ። ከአማን በባጃጅ ነው የመጣው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። ጃንጥላውን በሩ ላይ አራግፎ ከኋላዬ ቆመ። ባለቤቱ ወንበር አቀረበለት፣ አልተቀመጠም።

«እስቲ አሳዪኝ።»

መሰላሉን አሳየሁት። ያለፍኳቸውን አረንጓዴዎች ከታች እስከ ላይ አየ። መጨረሻ ላይ ያለችዋን ባዶ ሳጥን አየ። ነገሩን በሙሉ ነገርኩት።

«ታዲያ መልሱን ታውቂዋለሽ ማለት ነው።»

«የነሱን መልስ አውቀዋለሁ።»

«ጻፊዋ። አንድ፣ አንድ። ሁለት ጊዜ መጫን ነው። ስምሽ ይወጣል፣ አንቺም እዚህ ትቀሪያለሽ፣ እኔም ለአክስቴ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ትክክል አይደለም ጋሼ።»

«ፈተና ላይም እንደዚሁ ነው ያልሽው።»

«ፈተና ላይም ትክክል ነበርኩ።»

ተማሪው ከጎን ሆኖ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ፤ እየሳቀ ይሁን እየጻፈ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ጳጉሜን እኮ አንተ ከማንም በላይ ታውቃታለህ» አልኩት። «የመንግሥት ሠራተኛ ነህ። ደሞዝ የሌላትን ወር የለችም በይ ትለኛለህ?»

ባለቤቱ ሳቀ። ወንድሜም ሊስቅ ነበር፤ አፉ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ያዘው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እንቆቅልሽ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው እንቆቅልሽ ሲያቅተው ምን ያደርጋል? ሀገር ይሰጣል። ስጫቸውና ይለቁሽ።»

«አላቃተኝም። ያላቃተው ሰው ሀገር አይሰጥም።»

«አትሰጪም?»

«አልሰጥም።»

ጃንጥላውን አነሳ። «እንግዲያው እኔ እሰጥልሻለሁ። ቴፒን።»

ወጣ። ባጃጅ ሲጠራ ድምፁ ተሰማኝ። ከዚያ ባለቤቱ መጥቶ ያቺን ስክሪን አየና፣ «ስድስት ብለሽ ሞክረሽ ነበር?» አለኝ።

«አልሞከርኩም።»

«ለኔ ብለሽ ሞክሪው።»

ስድስት ጻፍኩለት። ቀይ ሆነ። «እኛንም አያውቁንም ማለት ነው» አለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ቅር ያለው አይመስልም፤ መጠኑን የለካ ሰው ይመስላል።

በማግስቱ ባለቤቱን ቀይ ማርከሩን ጠየቅኩት፤ ለምን ብሎ ሳይጠይቀኝ ሰጠኝ። «ጌም መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ከሚለው ሥር ወረቀት ለጠፍኩና በአማርኛ ጻፍኩበት፤ ከዓመቱ ወራት ሠላሳ ቀን ያላቸው ስንት ናቸው? ከሥሩ ደግሞ፣ መልስህን ስትጽፍ የማን ዓመት እንደሆነ አብረህ ጻፍ። የመጀመሪያውን ባለቤቱ ጻፈ፤ ስድስት፣ አንዳንዴ ሰባት፣ የጨረቃ። ተማሪው አሥራ አንድ፣ የፈረንጅ ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ ደግሞ ምን እንደታየው እንጃ አሥራ ሁለት፣ የእናቴ ብሎ ጨመረ። ውጤት ሊያዩ የመጡ፣ ኔትወርክ የጠፋባቸው፣ ዝናብ ሊጠለል የገባ የባጃጅ ሹፌር፣ ሁሉም ጻፉ። ሁለት የፖሊስ ባልደረቦች እዚያው ቆመው ተከራከሩ። ወረቀቱ ሞልቶ ሌላ ተቀጠለበት። ባለቤቱ ማስታወቂያውን አላነሳም፤ ጥያቄውንም አላነሳም። ሁለቱ አንድ ላይ ተለጥፈው ኖሩ።

ቴፒ የሄድኩት በጳጉሜ ነው። በሳጥኗ አቆጣጠር በሌለች ወር ተሳፍሬ፣ ባለች መንገድ ሄድኩ። ወንድሜ ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። መኪናው እስኪሞላ ኢንተርኔት ቤቱ በረንዳ ተጠለልን፤ እሱም ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«አሥራ ሁለት ያሉት ይበዛሉ» አለ።

«በብዛት አይደለም ጋሼ።»

«ገብቶኛል» አለና ሻንጣዬን ሊያስጭን ሄደ። ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም፤ እኔም አልለመንኩትም።

የሸኮ ጫካ ውስጥ መኪናውን ጭቃ ይዞት ወርደን ገፋን። ቴፒ ስደርስ ጫማዬ ውስጥ ያለው ጭቃ የሁለት ከተማ ነበር። አክስቴ አንዲት ቃል አልጠየቀችኝም፤ ወንድሜ ደውሎ ነግሯታል። ከወጣትነቷ ጀምሮ ቴፒ የኖረች፣ ከሱቋ ጀርባ የራሷ ቡና ያላት ሴት ናት። በነጋታው፣ ቀደም ሲል ከተተከለው የተረፉ ሰባት የቡና ችግኞች አሳየችኝና ጉድጓዱ እንዲቆፈር ያሰበችበትን ቦታ በእግሯ ጠቆመችኝ።

«በመስመር ትከያቸው። ሰፋ አድርገሽ።»

ሰባት። ቆሜ ቆጠርኳቸው። ፈጣሪም ቀልድ ያውቃል።

ሦስቱን በሦስት ማዕዘን፣ በሰፊው፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ተከልኩ። ሌላ ሦስት በየጎኑ መሐል ለመሐል። የመጨረሻዋን ከሁሉም መሐል። በገመድ እየለካሁ ነው የተከልኩት፤ ልክ አክስቴ ራሷ እንደምታደርገው። ዝናቡ ሲመጣ የኮባ ቅጠል ራሴ ላይ አድርጌ ጨረስኩ።

አክስቴ ከሱቁ ወጥታ መጣች፤ እሷም የኮባ ቅጠል ደፍታለች።

«ይሄ ምንድን ነው? በመስመር ነው ያልኩሽ።»

«በመስመር ነው እቴቴ። ስድስት መስመር አለው።»

«ሰባት ችግኝ ስድስት መስመር?»

«በየመስመሩ ሦስት ሦስት።»

«ወንድምሽ ግትር ናት ነው ያለኝ፤ ሌባ ናት አላለኝም።»

ይህንን ስድብ ስጠብቀው ነበር። ከፈረንጅ አገር ይመጣል ብዬ ነበር እንጂ ከአክስቴ አፍ አልጠበቅኩም። ችግኞቹ መሐል ገባችና መዞር ጀመረች። ሦስቱን ጎኖች ወዲያው አገኘቻቸው። ከዚያ ከአንዱ ጫፍ በመሐለኛዋ በኩል አልፋ ከማዶ ያለችዋ ላይ ደረሰች፤ ቆመች፤ «አራት» አለች። አምስተኛውን ስታገኝ ቀሚሷ በጭቃ ርሶ ነበር። ስድስተኛው ጠፋባት። ወዲህ ሄደች፣ ወዲያ ሄደች። ቆማበት ነበር፤ አላየችውም።

«ስድስተኛው የታለ?»

«እንቆቅልሽ» አልኳት።

አቀርቅራ የነበረችው ቀና አለች። የስንት ዓመት ጨዋታ እንደሆነ እንጃ፣ ሳታስበው ነው የወጣት፤ «ምን አውቅልሽ።»

«ሀገር ስጪኝ።»

ዝናቡ ኮባው ላይ ይንጣጣል። ለምን ቴፒ እንደመጣሁ ታውቃለች። ምን እንድል እንደተጠየቅኩና ምን እንዳላልኩ ታውቃለች። የማሻን ስም ብትጠራ፣ የጅማን ብትጠራ ማንም አይወቅሳትም። ቅጠሉን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ አየችኝ።

«ሚዛንን ውሰጂ» አለችኝ።

«ሚዛን ገብቼ» አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ፤ «ሚዛን ገብቼ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ደረቁ ወንበር ለኔ፣ የሚያፈሰው ቆርቆሮ ላንቺ፤ አረንጓዴው ለኔ፣ ቀዩ ላንቺ፤ አሥራ ሁለቱ ለኔ፣ አሥራ አንዱ...»

«አሥራ አንዱን ለኔ አትስጪኝ» አለች አክስቴ። «ይልቅ ስድስተኛውን አሳዪኝ፤ ብርዱ ገደለኝ።»

እጇን ይዤ በቆመችበት አዞርኳት።